ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፤ ከምርኮ ልጅነት እስከ ጦር ሚኒስትርነት

«ሹመት በተርታ፥ ሥጋ በገበታ» የሚለው ተረት ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የኖረ ነው። ተረቱ ሹመትን ለሁሉ በየተራው የሚደርስ ያስመስለዋል፤ የኢትዮጵያ ታሪክ ሲመረመር ግን ተራው የሚደርሰው በተወለዱበት ቤትና በጠኑበት ደጅ እንጂ ለሰው ሁሉ እኩል እንዳልነበረ ይታያል። ከባላገር ወጥቶ እስከ መንግሥቱ ማዕከል ድረስ የደረሰ ሰው ጥቂት ነው፤ ከደረሰም በኋላ ሳይሻር በሹመቱ ላይ የሞተ ከዚያም ያነሰ ነው። ከነዚህ ጥቂቶች አንዱ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። የእርሳቸውን ታሪክ መመርመር የአንድ ሰው ዕድል ምን እንደ ነበረ ለማወቅ ብቻ ሳይሆን፥ በዚያ ዘመን ወደ ላይ የሚያወጣው መሰላል በምን ላይ ቆሞ እንደ ነበረ ለማስተዋልም ይጠቅማል።

ነገሩ ከአርሲ ደጋ ላይ ሆኖ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። ከአሰላ ወደ ምሥራቅ ርቃ በምትገኘው በጮሌና በዙሪያዋ ባለው አገር ገብስና ስንዴ የሚያርሰው ገበሬ የማዕከላዊውን መንግሥት ስም መስማት የዠመረው በጦርነት ነው። ንጉሥ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1874 ዓ.ም. አካባቢ በአርሲ ላይ መዝመት ዠመሩ። አርሲዎች ጦርና ጋሻ ይዘው ከጠመንጃ ጋራ እየተጋጠሙ ዓመታት ሙሉ ተከላከሉ፤ በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ በአዙሌ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ግን የመከላከሉ ኀይል ተሰበረ። ብዙ ሕዝብም አለቀ። አገሩን ያቀኑትና የገዙት የንጉሡ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ከዚያም በኋላ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለአገሩ ባላባት ሲሶው ብቻ ሲቀርለት፥ የቀረው ለመንግሥት፥ ለወታደርና ለሌላም ባለ መብት ሆነ፤ ገበሬውም ገባር ተባለ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ለአንድ የአርሲ ልጅ የሹመት መንገድ ቢበዛ በአገሩ ባላባትነት ወይም በጭቃ ሹምነት ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ በሌላ አገር ሰው የተያዘ ነበርና።

ይህን ካስተዋሉ በኋላ የሀብተ ጊዮርጊስን ታሪክ ማየት ያስገርማል። እርሳቸው የተወለዱት በ1840ዎቹ ዓመታት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ባለው በጨቦ አገር ነው። ትውልዳቸውን አንዳንዶች ከኦሮሞ፥ አንዳንዶችም ከጉራጌ ይቆጥሩታል፤ ጨቦ ሁለቱ ሕዝቦች የሚዋሰኑበትና የሚጋቡበት አገር ነውና ሁለቱም አነጋገር ምክንያት አለው። የምኒልክ ጦር ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ገና በልጅነታቸው ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። በዚያም ክርስትና ተነሥተው ሀብተ ጊዮርጊስ ተባሉ፥ በንጉሡም ግቢ አደጉ። ስለዚህ የመጀመሪያው የሹመታቸው ደጅ በገዛ ፈቃዳቸው የመጡበት ደጅ አልነበረም። አርሲን ያስገበረው የጦር መንገድ እርሳቸውንም ከወላጆቻቸው ቤት ያወጣቸው መንገድ ነበረ።

ምኒልክ የማረኳቸውን ልጆች በግቢ ማሳደግና መሾም ልማዳቸው ነበረ። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው ተማርከው፥ በግቢ አድገው፥ እስከ ታላቅ አገረ ገዥነት የደረሱ ናቸው። የዚህም ልማድ ምክንያት ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። የመሳፍንት ልጅ በአባቱ አገር ወገን አለው፥ በዘሩም ዙፋን ሊመኝ ይችላል። ምርኮኛ ሆኖ በግቢ ያደገ ሰው ግን ከንጉሡ በቀር ዘመድ የለውም፤ ንጉሡ ከወደቀ እርሱም ይወድቃል። ስለዚህ የዘር አለመኖር፥ በሌላው ዘንድ እንደ ጉድለት የሚቆጠረው፥ በምኒልክ ዘንድ ለመታመን ምክንያት ሆነ። የሀብተ ጊዮርጊስ መሰላል የመጀመሪያው ርከን ይህ ነበር።

ሁለተኛው ርከን ጦርነት ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ በልዩ ልዩ ዘመቻ እየተፈተኑ አደጉ፥ በዐድዋም ዘመቻ ነበሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ በተደረገው ጦርነት የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ የነበሩት ፊታውራሪ ገበየሁ በጀግንነት ሲዋጉ ወደቁ። ያንን ታላቅ ቦታ ከጦርነቱ በኋላ የተረከቡ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። የቃሉ ትርጓሜ የፊት ጦር መሪ ማለት ስለ ሆነ በየአገሩ በየመኳንንቱ ቤት ብዙ ፊታውራሪ ይገኝ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ ግን አንድ ነው። እርሳቸውም ከዚያ ዠምሮ እስከ ሞቱ ድረስ ይህን ማዕርግ ብቻ ይዘው ኖሩ። ከደጃዝማችና ከራስ ማዕርግ በታች የሆነው ስም በእርሳቸው ላይ ሲያርፍ ከብዙ ራሶች ይልቅ የሚፈራ ስም ሆነ። የፈረስ ስማቸው አባ መላ ይባል ነበረ፤ ሰውም ስሙንና ጠባዩን አስተባብሮ መላ አዋቂ ሲል ይጠራቸው ነበር።

ሦስተኛው ርከን የአገር ግዛት ነው። በ1889 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ደቡብ ዘምተው ቦረናን አስገበሩ፥ ከዚያም አገር ላይ ተሾሙ። የቦረና ግዛት ከሌላው የሚለየው በስፋቱ ብቻ አልነበረም። በዚያ ወገን የእንግሊዝ መንግሥት ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ውስጥ እየገፋ ይመጣ ስለ ነበረ ግዛቱ የመንግሥት ወሰን ጭምር ነበረ። በኅዳር 1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪቃ መካከል ያለው ወሰን በውል ተወሰነ። እንግዲህ ሀብተ ጊዮርጊስ በጠረፍ ገዥነታቸው የተማሩት ግብር ማስገባትን ብቻ ሳይሆን፥ ከኤውሮፓ መንግሥት ጋራ ጐረቤት ሆኖ መኖር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ጭምር ነው። ነገር ግን ይህን ሲናገሩ የቦረናን ገባር መርሳት አይገባም። በጨቦ ተማርኮ የወጣው ልጅ በቦረና አስገባሪ ሆኖ ገባ፤ የአንዱ መውጣት የብዙውን ሸክም አላቀለለም።

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በኤውሮፓ መንግሥታት ሥርዓት አምሳል የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፥ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ፥ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጽሕፈት፥ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ፥ ነጋድራስ ኀይለ ጊዮርጊስ የንግድና የውጭ ጉዳይ፥ ሊቀ መኳስ ከተማ የአገር ግዛት፥ ከንቲባ ወልደ ጻድቅ የእርሻ ሚኒስትር ሆኑ። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ በንጉሡ ግቢ ሥራ የወጡ እንጂ ሰፊ አገር በርስት የወረሱ መሳፍንት አልነበሩም። ሀብተ ጊዮርጊስ ማንበብና መጻፍ የተማሩ ሰው አልነበሩም፤ ሆኖም ጉዳይ ሰምተው በሚሰጡት ፍርድና በምክራቸው ስማቸው በአገር ሁሉ የተሰማ ነበረ። ሚኒስቴሩ በዚያን ጊዜ ገና ስም እንጂ ብዙ ጸሐፊና መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት አልነበረም። የሚኒስትሩ ኀይል የሚመዘነው በደብዳቤው ብዛት ሳይሆን ከኋላው በሚሰለፈው ሠራዊትና በቃሉ መታመን ነበር። በዚህ ሚዛን ከጦር ሚኒስትሩ የሚበልጥ አልተገኘም።

የሰው ጥንካሬ የሚታወቀው ያሳደገው ጌታ ሲደክም ነው። ዐፄ ምኒልክ ታመው የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አድርገው ራስ ተሰማ ናደውን ሞግዚት አደረጉላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መናገር ሲሳናቸው እቴጌ ጣይቱ ሹም ሽሩን በእጃቸው አደረጉ፤ የሸዋ መኳንንትም በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተስማምተው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ሀብተ ጊዮርጊስም ከዚህ ምክር ዋና ሰዎች አንዱ ነበሩ። በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ሞቱ። በዚያው ዘመን ራስ አባተ ኀይል ይዘው በቤተ መንግሥቱ ላይ በተነሡ ጊዜ ነገሩ ወደ ደም ሳይደርስ በአቡነ ማቴዎስና በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሽምግልና በረደ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሲሞቱም ያደጉበት ቤት ጌታ አለፈ። በልማድ ቢሆን የግቢ ልጅ ከጌታው ጋራ መውደቅ ነበረበት፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን አልወደቁም፤ ከሰው ታማኝነት ወደ መንግሥት ምሰሶነት ተሻግረው ነበርና።

ታላቁ ፈተና በ1909 ዓ.ም. መጣ። መስከረም 17 ቀን፥ በመስቀል በዓል፥ መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ከዙፋን አወረዱ። ክሱ ሃይማኖታቸውን ትተው ወደ እስልምና አዘነበሉ የሚል ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ልጅ ኢያሱ ከእስላም ወገኖቻቸው ጋራ መቀራረባቸው ሃይማኖት መለወጥ ነበረ ወይስ የተለያየውን ሕዝብ ለማስማማት የታሰበ ፖለቲካ ነበረ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ አልተዘጋም። የማይካደው ግን የሸዋ መኳንንት ሥልጣን ከእጃቸው እየወጣ መሄዱን ፈርተው እንደ ነበረ ነው። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪ መኰንንም አልጋ ወራሽ ተባሉ።

የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ብዙ ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። በጥቅምት መጀመሪያ በቶራ መስክ የሸዋ ጦር ተሸንፎ ራስ ልዑል ሰገድ ሞቱ። ያን ጊዜ ንጉሥ ሚካኤል ሳይቆሙ ቢገሠግሡ ኖሮ አዲስ አበባ በድንጋጤ ላይ ነበረች። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በመልእክት እያዘገዩ የሸዋ ጦር ከየአገሩ እስኪሰበሰብ ጊዜ እንደ ገዙ ይነገራል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ፥ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በዚያን ቀን ብዙ ደጃዝማቾችና ራሶች የተሰለፉበትን ጦር የመሩት ማዕርጋቸው ፊታውራሪ የነበረው ሰው ናቸው። በልጅነቱ የተማረከ ሰው በሽምግልናው ንጉሥ ማረከ።

ከሰገሌ በኋላ የመንግሥቱ ሥራ በሦስት ሰዎች መካከል ቆመ፤ ንግሥቲቱ ዘውዱን፥ አልጋ ወራሹ የውጭውን ጉዳይና የአዲሱን ሥራ፥ የጦር ሚኒስትሩም ሠራዊቱንና የቀድሞውን ሥርዓት ይዘው ነበር። በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደሮች ተሰብስበው ሚኒስትሮቹ ይሻሩልን ብለው በጮኹ ጊዜ ሚኒስትሮቹ ሲሻሩ፥ በቦታቸው የቀሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ይህም የቆሙበት መሠረት ምን እንደ ነበረ በግልጥ ያሳያል፤ ሌሎቹ በሹመት ደብዳቤ፥ እርሳቸው ግን ወታደሩ በሚሰጣቸው ክብር ቆመው ነበርና።

ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋራ በሐሳብ አንድ አልነበሩም። አልጋ ወራሹ መንግሥቱን በኤውሮፓ ሥርዓት ለማደስ ሲፈጥኑ፥ ሽማግሌው የጦር ሚኒስትር ዝግ ይበል የሚሉ ነበሩ። ቢሆንም ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. በዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች፥ አልጋ ወራሹም በዚያው ዓመት ወደ ኤውሮፓ ሄደው ብዙ መንግሥታትን ጐበኙ። ጦሩን በእጁ የያዘ ሰው አልጋ ወራሹ በሌሉበት ቤተ መንግሥቱን ለመገልበጥ ቢያስብ ጊዜው ምቹ ነበረ፤ እርሳቸው ግን አላደረጉትም። በዚህ ረገድ ምኒልክ በዘር የለሽ ልጅ ላይ የጣሉት እምነት ከምኒልክም በኋላ እንደ ጸና ይታያል። ተቃዋሚ ሆኖ መንግሥትን አለማፍረስ፥ በሹመት ታሪክ ውስጥ ከድል ይልቅ ብርቅ የሆነ ነገር ነው።

በ1919 ዓ.ም. በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ፥ በጥቂት ቀናት ልዩነት፥ አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተከታትለው አረፉ። የቀድሞው ሥርዓት ሁለቱ ምሰሶዎች በአንድ ጊዜ ወደቁ ማለት ነው። አልጋ ወራሹ ሳይዘገዩ የፊታውራሪውን ጦርና ግዛት ወደ ራሳቸው አደረጉ። በ1920 ዓ.ም. ደጃዝማች ባልቻ ከሲዳሞ ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ሠራዊቱ በዘዴ ተበተነ፥ እርሳቸውም ታሰሩ፤ ኋላ በ1929 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋራ ሲዋጉ በክብር ወደቁ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ። የዘመኑን አካሄድ ላስተዋለ፥ ይህ ሁሉ የሆነው ሀብተ ጊዮርጊስ በሞቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ የሹመት መሰላሉ ከጦር ወደ ብዕር ዞረ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እርሳቸውም የመሳፍንት ልጅ አልነበሩም፤ ከቡልጋ ወጥተው፥ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተምረው፥ በጽሕፈት ሚኒስቴር አድገው፥ በስደቱም ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ በእንግሊዝ አገር ቆይተው ተመለሱ። ከ1933 ዓ.ም. ዠምሮ የጽሕፈት ሚኒስትር በሆኑ ጊዜ ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ዠመረ፥ የጠቅላይ ግዛቶች አስተዳደርም በሕግ ተደንግጎ ሹሙ ከራሱ ጦር ይልቅ በደመወዝና በማዕከል ትእዛዝ እንዲኖር ሆነ። ለዐሥራ አራት ዓመት ያህል ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ የሚፈራ ሰው ሆነው ኖሩ። በ1947 ዓ.ም. ግን በአንድ ትእዛዝ ከዚያ ቦታ ተነሥተው የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ሆነው ወደ አሰላ ወረዱ፤ ከዚያም ወደ ጋሞ ጎፋ ተዛወሩ።

ሁለቱን ሰዎች አስተያይቶ መመልከት ብዙ ያስተምራል። ሀብተ ጊዮርጊስ ፊደል ሳያውቁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በጦር ሚኒስትርነት ቆይተው በቦታቸው ሞቱ፤ ወልደ ጊዮርጊስ ፊደሉን ሁሉ በእጃቸው ይዘው በአንድ ቀን ወረዱ። ልዩነቱ የብልህነት አይደለም። የመጀመሪያው ሰው የራሱ የሆነ ሠራዊትና ግዛት ስለ ነበረው ንጉሥ ቢጠላው እንኳ በቀላሉ አይነሣም፤ ሁለተኛው ሰው ከንጉሡ ፈቃድ በቀር የሚቆምበት ስላልነበረው የንጉሡ ፈቃድ ሲለወጥ ወደቀ። እንግዲህ የመንግሥት ኀይል ወደ አንድ ማዕከል በተሰበሰበ መጠን የሹሙ መውጣት ቀለለ፥ መውረዱም እንዲሁ ቀለለ። በአንድ ወገን ይህ መልካም ነበር፤ አገረ ገዥ ጦሩን አስከትሎ ዋና ከተማውን የሚያስጨንቅበት ዘመን አለፈ። በሌላ ወገን ግን ለንጉሥ «ይህ አይሆንም» ብሎ በቦታው የሚያድር ሰው ጠፋ።

አሰላ ከተማም በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትታይበት መልክ የሚያሳዝን ነው። ለማዕከሉ ሰው የጠቅላይ ግዛት ሹመት መውጫ ሳይሆን መውረጃ፥ የተቈጡትን ማግለያ ሆነ። ወደ አርሲ የሚላክ ታላቅ ሰው ይገኝ ነበር፤ ከጮሌ ደጋ ተነሥቶ በሚኒስትርነት አዲስ አበባ የሚገባ የገባር ልጅ ግን በዚያ ዘመን አይታሰብም ነበር። መሰላሉ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሰው የሚያወርድ ከሆነ ለታችኛው ምን ይጠቅመዋል? የገባርነትና የባለ ርስትነት ሥርዓት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ፈጽሞ እስኪሻር ድረስ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ኖረ።

የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ስም የሚያነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መላ አዋቂነታቸውንና ፍርዳቸውን ብቻ ያነሣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ምርኮኛ ሆነው ገብተው የመንግሥትን ጦር መርተዋል፥ ባለ ሥልጣን ሆነው ዙፋን አልተመኙም፥ ከአልጋ ወራሹ ጋራ ሳይስማሙ አገር አልበተኑም። ነገር ግን ታሪካቸው በሙሉ ሲነበብ ሌላም ነገር ይናገራል። ከጨቦ ከተማረኩት ልጆች አንዱ ሚኒስትር ሲሆን፥ የቀሩት ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። አንድን ብልህ ከብዙ መካከል ለይቶ የሚያወጣ መንግሥት ዕድለኛ ነው፤ ብልሆች ሁሉ ሳይማረኩና ደጅ ሳይጠኑ በገዛ አገራቸው በር የሚወጡበት መንግሥት ግን ከዚያ ይልቅ የጸና ነው። የአባ መላ ታላቅነት የመጀመሪያውን ያሳያል፤ የአርሲ ደጋ ረጅም ዝምታ ደግሞ ሁለተኛው ምን ያህል እንደ ዘገየ ይመሰክራል።